አያቴን ባዶ አላስቀምጥም

ማክሰኞ

«አላልፈውም!» ብዬ ስልኩን ዘጋሁበት። አማረ ያጎቴ ልጅ ነው፤ የቤተሰብ ማኅበራችን ሰብሳቢ። እሑድ ጊዮርጊስ አጠገብ አዳራሽ ይዞ የዘር ሐረጋችንን በትልቅ ሸራ አሳትሞ ሊሰቅል ነው። ከያንዳንዱ ስም ሥር ሰውየው ምን እንደነበረ ይጻፋል፦ ቄስ፣ ቀኝ አዝማች፣ የባቡር ሠራተኛ። ከአያታችን ከንጋቱ ሥር ግን ባዶ። ለምን? አንድ ሽማግሌ ለቅሶ ቤት «ንጋቱ በጣሊያን ጊዜ ባንዳ ነበር» ስላለ! እናቴ «አባቴ አርበኛ ነው» እንዳለች ነው የሞተችው። አማረ ደግሞ «አንቺ በእናት ነሽ፤ ምን አገባሽ?» ይለኛል። ያገባኛል።

ረቡዕ

ሱቄን ዘጋሁ። ቁልፍና ዚፕ ነው የምሸጠው፤ አንድ ቀን ብዘጋ ራቁቱን የሚሄድ የለም። ከነጻነት በኋላ አርበኞች ምስክር እያቀረቡ የተመዘገቡበት ፋይል ያለበት መዝገብ ቤት ሄድኩ። ንጋቱ ደምሴ። የለም። መዝገቡን የያዘችው ልጅ ደግማ ፈለገች። የለም።

ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ላይ ቆሜ አለቀስኩ። ከዚያ ተናደድኩ። ንዴት ይሻለኛል። አማረ ደውሎ «አላልኩሽም?» አለ። አሁንም ዘጋሁበት። ትንሽም ብትሆን ድል ናት።

ሐሙስ

ብርቱካን ይዤ አትክልት ተራ፣ እትዬ በላይነሽ ጋ። የእናቴ ታላቅ እህት ናቸው፤ ከንጋቱ ልጆች የቀሩት እሳቸው ብቻ። የለም መባሌን ስነግራቸው ሳቁብኝ።

«ማን ብለሽ ጠየቅሽ?»

«ንጋቱ ደምሴ።»

«ደምሴንማ መቼ ያውቀዋል! ገና በሆድ ሳለ ነው አባቱ የሞተው። ያሳደገው የናቱ አባት ዋቅጅራ ነው። የዘመተውም ንጋቱ ዋቅጅራ ተብሎ ነው።»

ዋቅጅራ ሸራው ላይ የለም። እኛ ዘር ስንቆጥር በአባት ብቻ ነው፤ ያሳደገ የእናት አባት ቦታ የለውም። እኔም ጅሏ በዚያው ቆጠራ ሄጄ ነው ያጣሁት።

«ባንዳ ነበር ይላሉ» አልኳቸው። ብርቱካናቸውን መላጥ ቀጠሉ። ጨንቆኛል።

ዓርብ

ተገኘ! ንጋቱ ዋቅጅራ። የሚስቱ ስም የሴት አያቴ ስም ነው፤ የትውልድ አገሩም ያው። ሦስት ምስክሮች አሉት። ሁለቱ የት የት እንደተዋጋና እንደቆሰለ ይናገራሉ። ሦስተኛው ግን፦ «ሁለት ክረምት ከጠላት ጋር ነበር፤ ደሞዙን በልቷል። ኋላ ከድቶ ጠመንጃውን እንደያዘ ወደኛ ገባ። ከዚያ ወዲያ ከኛ አልተለየም።»

የመዝገብ ቤቱ ደረጃ ላይ ቁጭ አልኩ። እናቴም ሽማግሌውም ልክ ናቸው። አያቴን ተናደድኩበት፤ አልዋሽም። ሁለት ክረምት ሙሉ ማን ላይ ተኩሶ ይሆን? ግን ደግሞ ተመልሷል። መመለስ ቀላል አይደለም፤ ጣሊያን ቢይዘው ይሰቅለዋል፣ አርበኛውም ቢጠረጥረው አይምረውም።

አማረ ሲሰማ በደስታ ዘለለ። «በቃ፣ ‹አርበኛ› ብለን እናትማለን!»

«ሌላውስ?»

«ሌላውን ማን ያውቃል?»

«እኔ አውቃለሁ።»

«ገመናን መሸፈን ነው ያባቶቻችን ወግ።»

«ትናንት በስሙ አፍረህ ዛሬ ልትሾመው ነው?» አልኩት። አልሰማኝም። ወደ ማተሚያ ቤት ሮጠ።

እሑድ

ሸራው «አርበኛ» ይላል፤ ሌላ ምንም የለም። አስተያየት ያለው ሲባል ተነሣሁ። «አያቴ ንጋቱ፣ ዋቅጅራ ያሳደገው፣ ሁለት ክረምት ባንዳ ነበር። ከድቶ ገብቶ አርበኛ ሆነ፤ ቆሰለም» አልኩ።

አማረ «ማይኩን አጥፉት!» አለ። እኔ የማየው እትዬ በላይነሽን ብቻ ነው። እሳቸው ከተቀየሙኝ ሌላ እናት የለኝም።

በከዘራቸው መሬቱን መቱ። «አልሰማሁም፤ ድገሚው።»

ያለ ማይክ፣ ጮኼ ደገምኩት።

«እንዲያ ነው» አሉ። «አባቴ ራሱ ይናገረው ነበር። ዝም ያሰኘነው እኛ ልጆቹ ነን፤ አፍረን።» ከዚያ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡ።

ምሳ ሳይበሉ የወጡ አሉ። የነሱንም ድርሻ በላሁላቸው። አማረ ሸራውን ጠቅልሎ ቤቱ ወስዶታል፤ በሩን ይክፈትልኝ አይክፈትልኝ አላውቅም። ነገ ወፍራም ማርከር ይዤ እሄዳለሁ።