ነጋድራስ ሙጠሊብ የዘጉት ኬላ

ኦክላንድ፣ ረቡዕ

ለተከበሩ ዋርሳዬ፣

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። እንደምን ከርመዋል? ጉልበትዎን ክረምቱ እንዴት አደረገው? የእትዬስ ዓይን ተሻለው? ማሽላው ደህና እንደያዘ ልጆቹ ነግረውኛል፤ አልሐምዱሊላህ። እኛ ደህና ነን። ሱቁም ደህና ነው። ከሄይዋርድ መጋዘን ዕቃ የማመላልስባት መኪና ብቻ አርጅታ ታስቸግረኛለች።

በወረቀት የምጽፍልዎ ስልኬን ስለማያነሱ ነው። አልተቀየምኩም። ወደ ኮምቦልቻ በሚመጣ ሰው እጅ ልኬዋለሁ፤ አብሮት ያለውን ጫማ ከመለካትዎ በፊት እንዲያነቡት እለምንዎታለሁ።

ነገሩ ያው የሪሀና ነገር ነው። አባቷ ከሞተ ወዲህ ወሊይዋ፣ ፈቅዶ የሚድራት፣ እርስዎ ነዎት። የሱፍ ሽማግሌ በላከ ጊዜ እንደ ደንቡ የአባቶቹን ስም ተቀብዬ ወደ እርስዎ የላክሁት እኔው ነኝ። እርስዎም አስጠየቁና፣ ሸክላ ሠሪዎች ናቸው፣ ቡዳ ናቸው፣ የነጋድራስ ሙጠሊብ ዘር ከጭቃ ጋር አይደባለቅም ብለው ስልኩን ዘጉት። ሪሀና አጠገቤ ተቀምጣ ነበር። አማርኛው ሁሉ አይገባትም፤ ጭቃ የሚለው ግን ገባት። ማሚ፣ ዋይ ጭቃ? አለችኝ።

እምቢታዎን ራሴ ላደርስ ተነሳሁ። በንግድም እንዲሁ ነኝ፤ ዕቃው የለም የሚለውን ቃል በተላላኪ አልክም። እሁድ ከሰዓት በኋላ ወደ የሱፍ አያት ወደ ወይዘሮ ዙሌይካ ሄድኩ። የሚኖሩት ሳን ሆዜ ጥግ፣ ካምቤል ነው። ሰማንያ ዓመት አልፏቸዋል፤ አንደበታቸው ግን ገና የአሥራ ስምንት ዓመት ነው። ጋራዣቸው ውስጥ መኪና የለም፤ በኤሌክትሪክ የሚሠራ የሸክላ ማቃጠያ አስገብተው ሳህንና ኩባያ ይሠራሉ። ፈረንጆች ለመግዛት ስማቸውን አስመዝግበው ተራ ይጠብቃሉ። ውሃ በሸክላ ኩባያ ሰጡኝ። ከመጠጣቴ በፊት ከንፈሩን በጥፍሬ መታ አድርጌ ወደ ጆሮዬ አስጠጋሁት፤ እሳቱን በደንብ ጠግቧል አልኩ፣ ሳላስበው። እጄን አተኩረው አዩ።

መልስዎን ነገርኳቸው። ቃልዎን አላለሰለስኩትም። ጭቃ የሚለውንም አልዘለልኩም።

የሚቆጡ መስሎኝ ነበር። ሳቁ። እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ። ዋርሳሽ የማን ዘር ነኝ አለ? የነጋድራስ ሙጠሊብ? ኧረ ተይ! እኔ ካምቤል ሁለት ቤት ያለኝ ሴትዮ፣ የልጅ ልጄ ነርስ፣ እሱ ዛሬም ከገበያ አጥር ውጪ ተቀመጡ ይለናል? ነጋድራስ ይህን ቢሰሙ ከመቃብራቸው ተነስተው ቀረጡን እጥፍ ያስከፍሉት ነበር፣ አሉኝ።

ጋሼ፣ ከዚያ በኋላ የሰማሁትን እንደሰማሁት እጽፍልዎታለሁ። የወይዘሮ ዙሌይካ አያት ነጋድራስን በዓይኗ ያየች ሴት ናት።

በቤታችሁ ነጋድራስ ባለ ካባ፣ ባለ ብዙ በቅሎ፣ ገዥው ፊት የሚቀመጡ ትልቅ ሰው ነበሩ ይባላል። እውነት ነው። ያልተነገረን፣ ሹመቱን በምን እንዳጡት ነው።

በዚያን ዘመን ሸክላ ሠሪና ቀጥቃጭ ገበያ ውስጥ አይገባም ነበር አሉ። ከአጥሩ ውጪ፣ ነፋሱ ወደማይመለስበት በኩል ይቀመጣል። ሸክላ የሚገዛ ሰው ዋጋውን መሬት ላይ ይጥላል፤ ሻጯ ማሰሮውን መሬት ላይ አስቀምጣ ወደ ኋላ ትላለች። እጅ ለእጅ አይነካኩም። ነጋድራስ በተሾሙ በዓመቱ ሸክላ ሠሪዎቹን አስጠርተው መካከል ላይ፣ ከጨው ነጋዴዎቹ ጎን አስቀመጧቸው። ዋጋውን በሻጯ እጅ ያላስቀመጠ ሰው ቀረጡ እጥፍ ነው ብለውም አዋጅ አስነገሩ።

ነጋዴው አደመ። ጨው ቀረ፣ በሬ ቀረ፣ ማር ቀረ። ገበያው ባዶ ሆነ። ነጋድራስ ገበያ በደረሰ ቁጥር እየመጡ፣ ካባቸውን ደርበው፣ በባዶው ሜዳ ከሸክላ ሠሪዎቹ ጋር ብቻቸውን ይቀመጡ ጀመር። ሴቶቹ ሳይሸጡ እንዳይመለሱ ማሰሮውን ሁሉ ራሳቸው ይገዛሉ። ቤታቸው ውስጥ እግር ማስቀመጫ ጠፋ አሉ። መጀመሪያ የተመለሱት የገጠር ሴቶች ናቸው፤ ያለ ማሰሮ ወጥ አይሠራማ። ሴቶቹን ተከትሎ ቅቤው፣ ቅቤውን ተከትሎ ጨው መጣ።

እኔ ነጋዴ ነኝ፣ ጋሼ። ሱቄ አንድ ሳምንት ቢዘጋ ምን እንደሚሆን አውቃለሁ። ወይዘሮ ዙሌይካ ሲነግሩኝ ያ ሜዳ ታየኝ፤ ካባ የደረበ ሰው በማሰሮ መካከል ብቻውን ተቀምጦ። ኩባያውን ይዤ ሳልጠጣ ቀረሁ።

ሹመታቸውን ያጡት ግን በዚህ አይደለም። አንድ ቀን የባሪያ ነጋዴዎች ሰዎች አስረው ከኬላው ደረሱ። ገዥው ከባሪያ ቀረጥ ድርሻ አለው። ነጋድራስ ከሰው ላይ ቀረጥ አልቀበልም አሉ። ነጋዴዎቹ ተሳሳቁ፤ ታዲያ ምን ቸገረን፣ በነፃ ማለፍ ከተገኘ አላህ ይስጥልን ብለው በቅሏቸውን መንዳት ጀመሩ። ነጋድራስ በሩን አዘጉባቸው። ያልተቀረጠ ነገር በኬላ እንዳያልፍ የደነገገው ገዥው ራሱ ነው፤ እኔ ደግሞ ይህን አልቀርጥም፤ እንግዲህ እንዴት ታልፋላችሁ? አሏቸው። ሕጉን በራሱ በሕጉ ቆለፉት። ነጋዴዎቹ ወደ ገዥው ሊከሱ ሄዱ፤ እስኪመለሱ የታሰሩት ሰዎች ተፈትተው ጫካውን ይዘው ነበር። ማን እንደፈታቸው የሚናገር በረኛ አልተገኘም።

ገዥው ካባቸውን በገበያ መካከል አስገፈፋቸው። ሸክላ ሠሪ ከወደድህ ሂድና ከእነሱ ጋር ብላ አላቸው። ዘመድ በሩን ዘጋባቸው፤ ሚስታቸው ጥላቸው ወደ አባቷ ሄደች። እሳቸውም ወደ ሸክላ ሠሪዎቹ መንደር ወረዱ። ጭቃ ተሸከሙ፣ እንጨት ለቀሙ። እዚያም አሚናት የምትባል ሸክላ ሠሪ አገቡ። የአሚናት ወንድም የወይዘሮ ዙሌይካ ቅድመ አያት ነው። የአሚናት ልጅ ደግሞ የእርስዎ አያት።

ዓመታት አልፈው ሌላ ገዥ ሲሾም ገበያው ፈርሶ አገኘውና ነጋድራስን አስጠራቸው። እመጣለሁ፣ ግን ኬላውን ቀድማ የምታልፈው የአሚናት በቅሎ ናት አሉ። አለፈች። ሰው ከመንገዱ ግራና ቀኝ ቆሞ እያየ አለፈች።

በቤታችሁ ስሟ ሲነሳ ሰምቼ አላውቅም። እሜቴ ብቻ ነው የምትሏት።

ያውቁኛል፣ በወሬ አልገዛም። ይህ ሁሉ እውነት ለመሆኑ ምን ምልክት አለ? አልኳቸው። መልሰው ጠየቁኝ፤ በባልሽ ቤት ሙሽራ ስትገባ ምን ይደረጋል? በአዲስ ማሰሮ ውሃ ይሞላል፤ የቤቱ ታላቅ ለሙሽራዋ እጅ ለእጅ ያቀብላታል፤ መሬት ከነካ ነውር ነው አልኳቸው። ለምን? አሉኝ። የቤቱ ደንብ ነው እንጂ ለምን እንደሆነ የነገረኝ የለም አልኩ። ነጋድራስ አሚናትን ያገቡ ዕለት ማሰሮውን ከእጇ ተቀብለው፣ ውሃ ሞልተው፣ መልሰው በእጇ የሰጧት በሕዝብ ፊት ነው፤ መሬት አስቀምጪው ያላት ዘመን አለፈ ብለው፣ አሉኝ። ከእናንተ ቤት በስተቀር ይህን ደንብ የት አይተሽ ታውቂያለሽ? አሉኝ። የትም አላየሁም። ለእኔ ያንን ማሰሮ ያቀበሉኝ እርስዎ ነዎት፣ ጋሼ። እጅዎ እንዴት እንደተጠነቀቀ አልረሳውም።

በቀን ማስታወሻዬ የምጽፈው የገባና የወጣ ዕቃ ነው። የዚያን እሁድ ገጽ ላይ የነጋድራስን ስም ጽፌ ብዕሩን አስቀመጥኩት። በዚህ አገር ስንት ትልቅ ነጋዴ አይቻለሁ፤ የሚያጣውን ቁልጭ አድርጎ እያወቀ በሩን የዘጋ አላየሁም።

እንግዲህ የሱፍ ባዕድ አይደለም። ዘመድ ናቸው ብለው እንዳይከለክሉ ደግሞ ሸሪዓው ይፈቅዳል፤ ጠይቄያለሁ። ኢማሙ፣ ወሊይ ያለ በቂ ምክንያት ቢከለክል ሌላ መንገድ አለ ብሎኛል። መንገዱን አልፈለግሁትም። ሪሀናም አልፈለገችውም። ኖ ማሚ፣ አጎቴ ይስ ካላለ አይ ዊል ዌት አለችኝ። ትጠብቃለች፤ ግትርነቷ የአባቷ ነው። ግን አምና ሙሉ ጠብቃለች፤ ልጁም ከእሷ ጋር። ለኢማሙ በስልክ ውክልና ቢሰጡት ከረመዳን በፊት ኒካሑ ይታሰራል። የቪዛውን ጣጣ ለእኔ ይተዉት፤ ቢመጡ ማሰሮውን የሚያቀብሉት እርስዎ ነዎት።

አንድ ነገር ልጨምር። ወንድምዎ እኔን ሊያገባ ባለ ጊዜ የእኔን ዘር የቆጠረልዎ ማን እንደነበር ያስታውሳሉ? ዘመዶቿ ሩቅ ናቸው ብሎ፣ እሱ ራሱ ቆጠረ። የአባቶቼን ስም አንድም ሳያቋርጥ፣ ዓይንዎን እያየ። እናንተም መልካም ዘር ነው ብላችሁ መረቃችሁን።

ስነሳ ወይዘሮ ዙሌይካ በር ላይ እጄን ይዘው፣ ይህ እጅ ሸክላ ያውቃል፤ የማን ልጅ ነሽ? አሉኝ። ነገርኳቸው። እርስዎ በሃያ ስድስት ዓመት አንድም ቀን ጠይቀውኝ አያውቁም። ቢጠይቁኝ ለእርስዎም እነግርዎታለሁ።

አላህ ዕድሜዎን ያርዝመው፣ ጉልበትዎን ይማርልዎ፣ ቤትዎን ከሰላም አያጉድለው። እትዬን ይሳሙልኝ።

የወንድምዎ ሚስት፣
የሪሀና እናት