የሙሜን ሬሳ ስላጠበው ውኃ፣ ለላይ ሰፈር የውኃ ጉባኤ

አሰበ ተፈሪ፣ መጋቢት ፲፱፻፶፮ ዓ.ም.

ለክቡር ባላምባራስ ተሻለ ብሩ
የላይ ሰፈር የቧንቧ ውኃ ጉባኤ ሊቀ መንበር

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የክቡርነትዎን ጤና፣ የቤተሰብዎን ደኅንነት፣ እንዲሁም በአጥርዎ ውስጥ በቧንቧ ውኃ የሚለመልሙትን የጫት ችግኞች ሁኔታ በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። እኔ ከእናቴ ሕመምና ከደረቀው ቧንቧችን በቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነኝ። ምናልባት ባያስታውሱኝ፣ በፍርድ ቤቱ በር አጠገብ ከግራሩ ጥላ ሥር ተቀምጬ ለባለጉዳይ ማመልከቻ የምጽፈው ኃይለየሱስ በለጠ ነኝ። ዕድሜዬን ሙሉ የሰው አቤቱታ ስጽፍ ኖሬ፣ ዛሬ የራሴን ለመጻፍ ብዕር አንሥቻለሁ፤ ፊደሌ ቢጣመም ከንዴት እንጂ ከንቀት አለመሆኑን ይረዱልኝ። ደብዳቤውንም በገበያው ግድግዳ ላይ የለጠፍኩት፣ በእጅ ያቀረብኳቸው ማመልከቻዎች ሁሉ ውኃ ቢወቅጡት እንቦጭ ስለሆኑብኝ ነው።

ነገሩ ከሥሩ እንዲታወቅ ያህል፣ እናቴ ወይዘሮ ሳህሊቱ ቁርጥማት ጉልበታቸውን ከያዛቸው ወዲህ መቆም አይችሉም። ከመተኛት ብዛት ጀርባቸው ቆስሏል፤ የጤና ጣቢያው ድሬሰርም በየቀኑ በብዙ ውኃ ካልታጠቡ ቁስሉ ወደ አጥንት እንደሚዘልቅ ሳይሸሽግ ነገረኝ። እኔም የማገዶና የከሰል ማስቀመጫ የነበረችውን ጓዳ ባኞ ቤት ላደርጋት ቆረጥኩ። ወለሉ በሲሚንቶ ተለሰነ፣ ግድግዳው እስከ ወገብ ድረስ ተመረገ፣ ቧንቧውን የሚዘረጋ ዓሊዩ የሚባል ሠራተኛም ከድሬዳዋ አስመጣሁ። እስከዚህ ድረስ ጉባኤውን የማማበት ነገር የለኝም፤ ምስጋናዬ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው።

አንደኛ። ዓሊዩ እናቴ የሚቀመጡባትን በርጩማ ወለሉ ላይ አስቀምጦ ከለካ በኋላ፣ እጃቸውን ዘርግተው ራሳቸው እንዲከፍቱት ቧንቧውን ከጉልበት ትንሽ ከፍ አድርጎ ተከለው። የጉባኤው ተቆጣጣሪ አቶ አምባው ግን መጥተው ካዩት በኋላ፣ የባኞ ቤት ውኃ ከራስ በላይ መውረድ እንዳለበት፣ የባላምባራስም ባኞ ቤት እንደዚያ መሆኑን አስረድተው አስነቀሉት። እናቴ መቆም እንደማይችሉ ብነግራቸው፣ ደንቡ የወጣው ለሚቆም ሰው መሆኑን በትዕግሥት ገለጹልኝ። ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው ይላሉ አንዳንድ ባለጌዎች፤ እኔ ግን እንዲህ ያለ ቃል ከአፌ አይወጣም። ዓሊዩ ቃጫ የጠመጠመበትን መጋጠሚያ ሁሉ ፈትቶ፣ ብረቱን እንደገና ቆርጦና ጥርስ አውጥቶለት ወደ ጣሪያው ሰቀለው። ከዚያ ወዲህ እናቴ በርጩማቸው ላይ ሆነው፣ ውኃው ከላይ ሲመታቸው ሜዳ ላይ ዶፍ እንደ ያዘው ሰው ዓይናቸውን ጨፍነው ይንቀጠቀጣሉ፤ ባለቤቴም ውኃው ቁስሉን እንዳይደበድበው መዳፏን ከላይ ትዘረጋለች። ስለ ደንቡ ውበት ሦስታችንም እናመሰግናለን።

ሁለተኛ። የእጣቢው ፍሳሽ በፊት ለፊት እንዳይወጣ ተከለከልን፤ የሐረር መንገድ መኪኖች የሚያልፉበት ስለሆነ ለተመልካች ያስጸይፋል ተባለ። በጓሮ በኩል፣ ታችኛው ሰፈር ወደሚጀምርበት ወደ ጎረቤታችን ወደ ሙሜ አጥር እንዲሄድ ተፈቀደ፤ የሙሜ ዓይን ከሾፌር ዓይን ጋር ስለማይቆጠር ይመስለኛል። በኀፍረት ሄጄ ብነግረው፣ ሙሜ ዶማውን አንሥቶ ቦዩን በገዛ እጁ ቆፈረና ለሙዜ ይሆነኛል ብሎ ሳቀ። ክቡርነትዎ ሙሜን ሳያውቁት አይቀሩም። ጉባኤው ከተራራው ሥር ያለውን ምንጭ በሲሚንቶ ገድቦ ቧንቧ ሲዘረጋ፣ ዐለት ሲፈነቅሉ ከከረሙት የታችኛው ሰፈር ሰዎች አንዱ ነው። ምንጩም አባቱ ከብት ሲያጠጡበት የኖሩት ነው። ቧንቧው በሚመጣው ዓመት ወደ እነርሱም እንደሚወርድ ቃል ተገብቶላቸው ነበር፤ የሚመጣው ዓመት ግን እስከ ዛሬ በመምጣት ላይ ነው።

ሦስተኛ። ጉባኤው ባወጣው ደንብ መሠረት፣ ማንም የቧንቧ ባለቤት ከአጥሩ ውጭ አንዲት ጣሳ ውኃ ቢያሳልፍ ቧንቧው ይቆረጥበታል። ደንቡ የወጣው ውኃ እንዳይባክን ሲሆን፣ ባከነ ማለትም ከአጥር ወጣ ማለት መሆኑ በግልጽ ተተርጉሟል። በክቡርነትዎ ግቢ ከማለዳ ጀምሮ በጫቱ ሥር የሚንፎለፎለው ውኃ ከአጥር ስላልወጣ ባከነ አይባልም፤ ሕግ አውቃለሁ የሚል ሁሉ ይህን ይመሰክርልዎታል። እኔም ለደንቡ ተገዝቼ፣ የሙሜ ሚስት ረዲያ ባዶ እንስራ ተሸክማ ወደ ወንዝ ስትወርድ ፊቴን ወደ ሌላ አዞር ነበር። እሷ ግን ሰላምታዋን አንድ ቀን እንኳ አላጓደለችብኝም።

አራተኛውን በሥርዓት ለመጻፍ ሞክሬ አልሆነልኝም፤ እንደ መጣልኝ እጽፈዋለሁ።

በየካቲቱ ድርቅ ሙሜ ታሞ ሞተ። ጠዋት የረዲያን ለቅሶ ሰማን። በእስላሞቹ ሥርዓት ሬሳ ሳይታጠብ አይከፈንም፣ ቀብርም አይዘገይም፤ በቤቱ የነበረው ውኃ ግን ሙሜን ሲያስታምሙ አልቆ እንስራው ደርቋል። ወንዙም በዚያ ወራት ረጅም መንገድ ለሄደ ሰው የሚሰጠው ጭቃ ብቻ ነው። እናቴ ከአልጋቸው ሆነው ምን እንደምጠብቅ ጠየቁኝ። እኔም ከጣሪያው ላይ የመርጫውን ራስ ፈትቼ፣ ጎማ ገጥሜ በአጥሩ ላይ አሳለፍኩት። ወንዶቹ ሙሜን በዚያ ውኃ አጠቡት፣ ከፈኑት፣ ከቀትር በፊትም ቀበሩት። ከቀብር ተመልሼ የመርጫውን ራስ መልሼ ስገጥም፣ በዚያ ባኞ ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ ደስ አለኝ።

አቶ አምባው ጎማውን አይተው ኖሯል። ለቀስተኛው ገና ሰሌን ላይ ተቀምጦ ሳለ መጥተው፣ በውጭ በኩል ያለውን መዝጊያ ዘግተው ቧንቧውን ቆረጡት። እናቴ በዚያች ሰዓት በርጩማቸው ላይ ሳሙና እንደ ተቀቡ ነበሩ። ከላይ ጥቂት ተንጠባጠበና ቆመ፤ ሳሙናው ቁስላቸውን ሲለበልባቸው ጥርሳቸውን ነክሰው ቀሩ፣ ባለቤቴ ግን ጮኸች። ረዲያ ድምጿን ሰምታ፣ ባሏን የቀበረች ሴት ከቤቷ እንዳትወጣ ሥርዓቷ እያዘዛት፣ ለለቀስተኛው በስንት መከራ የተቀዳውን ውኃ በባልዲ ይዛ በጓሮ ገባች። እናቴን የምትጠራቸው አዮ እያለች ነው፤ እናቴ ማለቷ ነው። «አዮ፣ አብሽሪ፤ ውኃ ይኸው መጣ» አለቻቸውና ጀርባቸውን ቀስ እያለች አለቀለቀችላቸው። እኔ ከበሩ ውጭ ቆሜ አለቀስኩ፤ ይህን በገበያ ግድግዳ ላይ ለመጻፍ አላፍርም።

ከዚያ በኋላ ጉባኤው በርኅራኄው ብዛት አንድ መንገድ ከፈተልኝ። በእሑዱ ስብሰባ ፊት ቆሜ፣ ለሙሜ ሬሳ ያሳለፍኩት ውኃ ያለ አግባብ የፈሰሰ መሆኑን አምኜ ጸጸቴን ብናገር ቧንቧው ይመለስልኛል ተባለ። ላም እሳት ወለደች፤ እንዳትልሰው እሳት ሆነባት፣ እንዳትተወው ልጅ ሆነባት። የእናቴ ቁስል መሽተት ጀምሯል፤ ድሬሰሩም አይቶ ፊቱን አጥቁሮ ሄደ። እናቴ ከሚሞቱብኝ የሞተውን ጎረቤቴን ባማ ይሻለኛል ብዬ ወሰንኩ። እውነቱን ለመናገር፣ የምናገረውን እንኳ በልቤ አሳምሬ ጽፌ ጨርሼ ነበር፤ ሥራዬ ነውና። እሑድ ጠዋት ካፖርቴን ስለብስ እናቴ ወዴት እንደምሄድ ጠየቁኝ፤ ልዋሻቸው አልቻልኩም። ሁሉንም ነገርኳቸው።

«ሬሳ ማጠብ ጥፋት ነው ብለህ ከተናገርክ፣ እኔም ስሞት እንዳታጥበኝ» አሉኝ። «በአፍህ ያረከስከውን ውኃ በገላዬ ላይ አልፈልገውም።»

ካፖርቴን አወለቅኩ።

ስለዚህ፣ ክቡር ሆይ፣ ወንበር ይዘው በጠበቁኝ ጊዜ ያልመጣሁት ንቄ ሳይሆን እናቴ ስላልፈቀዱልኝ መሆኑን በትሕትና አስታውቃለሁ። አሁን የምናጥባቸው የታችኛው ሰፈር ሴቶች ከወንዙ ሲመለሱ ከየእንስራቸው ቀንሰው በሚሰጡን ውኃ ነው። ይበቃል ወይ ቢሉኝ፣ አይበቃም። ቁስሉ እየሰፋ ነው፣ እኔም እፈራለሁ፤ ሌት ተቀን የማስበው ይህንኑ ነው። ለጉባኤው የምለምነው ግን አንድ ነገር ብቻ ነው። ቧንቧውን ለእናቴ ሲሉ ቢቀጥሉልኝ እጅ እነሣለሁ፤ የሙሜ መታጠቢያ ባከነ እንድል ግን ዳግመኛ አይጠይቁኝ፤ ምንጩን የቆፈረ ሰው ከምንጩ የደረሰው ውኃ ያ ብቻ ነውና።

ጉባኤው ለላይኛው ሰፈር ላሳየው የማያልቅ አሳቢነት፣ አቶ አምባውም ጎማን ከሩቅ ለይቶ ለሚያውቅ ዓይናቸው፣ የእኔንና የመላው ቤተሰቤን ምስጋና ከደረቀው ቧንቧ ሥር ጎንበስ ብዬ እያቀረብኩ፣ ለክቡርነትዎ ረጅም ዕድሜና ንጹሕ ገላ የምመኝ፣

የክቡርነትዎ ታዛዥና ያልታጠበ አገልጋይ፣
ኃይለየሱስ በለጠ

ሳልጽፈው የቀረ፦ እናቴ ሰላምታቸውን እንዳደርስ አዘውኛል። እግዚአብሔር ቀኑን ያርቀውና፣ ክቡርነትዎም በሰው እጅ የሚታጠቡበት ቀን ሲደርስ ቧንቧው ተዘግቶ ቢገኝ፣ ቤተሰብዎ ከቶ እንዳይጨነቅ ብለዋል። ረዲያን ጠይቀናት ውኃ ይዛ እመጣለሁ ብላለች፤ የማን አጥር ነው ብላም አልጠየቀችም።