በወንበር ቁጥር ስለተለዋወጠው ደምና ስላልተገኘችው ነፍሰ ጡር

ለጤና ተቋማት ቁጥጥር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ግልባጭ፦ ላሰረኝ ፖሊስ ጣቢያ
ቀን፦ ግንቦት 6

ጉዳዩ፦ በፀጉር ማብቀያ ክሊኒክ የሰው ደም የተወጋች ነፍሰ ጡር ከመውለዷ በፊት እንድትፈለግልን ስለማመልከት

ክቡር ሆይ፣

እኔ አመልካቹ አሥራ ዘጠኝ ዓመት በፀጉር ማስተካከል ሥራ የኖርኩ ስሆን፣ አሁን በጣቢያው ማረፊያ ክፍል እገኛለሁ። ቀኝ እጄ ስለተሰበረ በግራዬ ነው የምጽፈው፤ ለፊደሌ መንጋደድ ይቅርታ እጠይቃለሁ። የሰው ሁለት ጥርስ ሰብረሃል መባሌን አልክድም፤ ቁጥሩ ግን ሦስት ነው።

1. ባለቤቴ ልጃችንን ከወለደች ወዲህ ፀጉሯ እየሳሳ ሄዶ መሐል አናቷ ተገለጠ። እኔ ደግሞ አፌ አያርፍም፤ ደንበኞቼ ፊት «ለቤቴ መቀስ አያስፈልገኝም» ብዬ ቀለድኩባት። በሳምንቱ ክሊኒኩ ሄደች። ምነው ያን ቀን ምላሴ በተቆረጠ ኖሮ እላለሁ።

2. እዚያ የነገሯት ሁሉ ሐሰት አልነበረም። ከፀጉር ሥር ስቴም ሴል የሚባሉ፣ አዲስ ፀጉር የሚያስጀምሩ ሕዋሳት አሉ፤ ራሱ በተገለጠ ሰው ላይ ብዙ ጊዜ አልሞቱም፣ ተኝተዋል። የሚቀባው መድኃኒት ፀጉሩ የሚያድግበትን ጊዜ ያራዝማል። እነሱ ደግሞ ከክንዷ ደም ቀድተው፣ በማሽን አሽከርክረው፣ ከላይ የሚቀረውን ቢጫ ፈሳሽ አናቷ ላይ ይወጋሉ፤ ይህ የተኙትን ይቀሰቅሳል ይባላል። ሥሩ ጠባሳ ሆኖ ከሆነ ግን የሚቀሰቀስ ነገር የለም።

3. ባለቤቴ በደሟ የጉበት ቫይረስ አለባት። ቅጹ ላይ ጽፋለች። «የራስሽ ደም ወደ ራስሽ ነው የሚመለሰው፣ ምን ቸገረሽ?» አሏት።

4. ሚያዝያ 14 ቀን አምስት ሴቶች ደም ተቀዳላቸው። በዚያ ቤት ቱቦ ላይ የሚጻፈው ስም ሳይሆን የወንበር ቁጥር ነው፤ ሥራ ያፋጥናል ብለው። ደሙ ማሽን ውስጥ ሳለ ወንበር ሁለት ላይ የነበረችውን ነፍሰ ጡር ወገቧን አመማት። ወንበር አራት ጥሩ መደገፊያ ስላለው እዚያ የነበረችው ባለቤቴ ተነሥታ ለቀቀችላትና ሁለት ላይ ተቀመጠች። መርፌው ሲመጣ የአራት ቁጥር ቱቦ አራት ቁጥር ላይ ለተቀመጠችው ተወጋ። የባለቤቴ ደም እዚያች ሴት አናት ውስጥ ገባ። ነፍሰ ጡር ይህን ሕክምና እንደማትወስድ እኔ መቀስ ያዡ እንኳ አውቃለሁ!

5. የባለቤቴ ፊት አብጦ፣ አናቷ መግል ቋጥሮ ወደ ክሊኒኩ ስንመለስ፣ ማሽኑ ላይ የምትሠራው ሴት የቱቦውን አጻጻፍ ነገረችን። ግንቦት 3 ቀን ብቻዬን ሄጄ የነፍሰ ጡሯን ስልክ ቁጥር እንዲሰጡኝ ለመንኩ። አዎ፣ ለመንኩ። ዶክተር ነኝ ባዩ ዓይኑን በጨው ታጥቦ «ደም ደም ነው፣ ሂድ» አለኝ። መዝገቡን ስይዝበት የዚያን ቀን ገጽ ቀዶ አፉ ውስጥ ከተተና ያኝክ ጀመር።

ደሜ ፈላ። አንገቱን ይዤ ከመስታወት በሩ ጋር አጋጨሁት፤ በሩ ረገፈ፣ እሱ ግን አልተፋም። ጣቶቼን መንጋጋው ውስጥ አስገብቼ ስፈለቅቅ ጥርሶቹ ወጡ፤ እሱም ጣቴን እስከ አጥንቱ ነከሰኝ። ሁለት ዘበኞች በብረት ዱላ እጄንና ሁለት የጎን አጥንቴን ሰበሩ። ወድቄም ማሽኑን በእግሬ ጎትቼ ከጠረጴዛው አወረድኩት። በመጨረሻ በእጄ የቀረው በደም የራሰ የወረቀት ድብልብል ነው፤ አንድ ቁጥር እንኳ አይነበብበትም።

6. ስለዚህ የምጠይቀው እንድፈታ አይደለም። የዚያ ዶክተር ነኝ ባይ ስልክ በኤግዚቢትነት ተይዞ ጣቢያው ውስጥ ይገኛል፤ ለሴቶቹ ቀጠሮ የሚሰጠው በእሱ ነበር። ከእርስዎ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ከመጣ እንደሚያስከፍቱት መርማሪው ነግረውኛል። ሴትየዋ ያን ዕለት ለባለቤቴ «ስምንተኛ ወሬን ጨረስኩ» ብላታለች፤ ይህ ከሆነ ሦስት ሳምንት አልፏል። ቀድማ ከተመረመረችና ሕፃኑ እንደተወለደ ከተከተበ ሊተርፍ እንደሚችል አንዲት የጤና ጣቢያ ነርስ አስረድታናለች። ካልታወቀ ግን ማንም አይከትበውም።

7. እስከዚያው ባለቤቴ ፍለጋ ወጥታለች። የሴትየዋን ስም አታውቅም፤ ያቺም የእሷን አታውቅም። ሁለት ዓመት ሙሉ በእኔ ፊት እንኳ ሻሿን አውልቃ የማታውቅ ሴት፣ እነሆ ሦስት ቀን በከተማችን ማዋለጃ ሆስፒታል በር ላይ ያበጠ አናቷን ገልጣ ቆማለች። ያቺ ሴት ክሊኒኩ ውስጥ ያየቻት እንዲያ አናቷን ገልጣ ብቻ ነው።

ደብዳቤዎን ዛሬውኑ በመጠበቅ፣ ከሰላምታ ጋር

(ፊርማ፣ በግራ እጅ)
አመልካች ፀጉር አስተካካይ