በማዕረግ የተሰካ ገመድ

ሰኞ

ዛሬም አልፈረሙልኝም። የደሴው ቢሮ ዝውውሬን ተቀብሎኛል፤ የቀረኝ የኃላፊያችን የአቶ ደረጀ ፊርማ ብቻ ነው። ክፉ ሰው አይደሉም። ግን «አዲሱን ስዊች ሳትገጥሚ የት ትሄጃለሽ?» አሉኝ። ስዊች የሁሉም ቢሮ የኮምፒውተር ገመድ የሚሰካበት ሳጥን ነው፤ በመሥሪያ ቤቱ ይህን የሚሠራ ከኔ ሌላ የለም። በመስኮት አያለሁ፤ መኪናው ሁሉ ከወረታ መገንጠያ ወደ ደብረ ታቦር ይታጠፋል። በዚያው መንገድ ነው ደሴ የሚገባው። እኔ እዚህ።

ማክሰኞ

ገጠምኩት! ኢንተርኔት የሚያመጣውን ገመድ አንደኛው ቀዳዳ ላይ፣ የቀረውን እንደ ደረሰልኝ ሰካሁ። ሁሉም ሠራ።

አቶ ደረጀ መጥተው አዩና «የኔ የቱ ነው?» አሉ። አሥራ አንደኛው። «የሒሳብ ሹሙስ?» ሦስተኛው። ፊታቸው ጠቆረ። ቀዳዳው ሁሉ እኩል ነው ብል ማን ሰምቶኝ! በማዕረግ ይሰካ ተባለ፤ እሳቸው አንደኛ፣ ምክትላቸው ሁለተኛ፣ እያለ እስከ መዝገብ ቤት። የኢንተርኔቱ ገመድ እንኳ ወደ መጨረሻው ተሰደደ። የሠርግ ወንበር የምደለድል መሰለኝ። እየተነጫነጭኩ ሁሉንም ነቅዬ ሰካሁና ሳልሞክረው ወጣሁ።

ረቡዕ

ጉድ ፈላ። አንድም ኮምፒውተር አይሠራም። የሳጥኑ መብራቶች ባንድ ላይ እንደ እብድ ይርገበገባሉ። አጠፋሁ፣ አበራሁ። ምንም። አቶ ደረጀ በሰው ፊት «አበላሽተሽብን ልትሄጂ ነው?» አሉኝ።

በምሳ ሰዓት ደሴ ደወልኩ። የአራት ዓመት ልጄን እናቴ ናት የምታሳድግልኝ። ልጄ ስልኩን አንስታ «እማ፣ ያቺ ሴትዮ ናት» ብላ ለእናቴ ስታቀብል ሰማኋት። ምሳውንም ተውኩት።

ሐሙስ

አገኘሁት! ጸሐፊያችን እቴነሽ «ኧረ አይዞሽ እቴ፣ እንዲህ አትክሺ» እያለችኝ ገመዶቹን አንድ በአንድ በእጄ ተከተልኩ። አንዱ ከሳጥኑ ወጥቶ፣ በጀርባ ዞሮ፣ እዚያው ሳጥን ተመልሶ ገብቷል። መልእክቱ ሁሉ መውጫ አጥቶ እዚያው እየዞረ መስመሩን አፍኖታል። የሰካሁት ራሴው ነኝ፤ ለሙከራ አንድ ጫፉን ሳጥኑ ላይ የተውኩት አጭር ገመድ ሌላው ጫፉ የመዝገብ ቤቱ መስሎኝ። የመዝገብ ቤቱ ገመድ ግን ከጠረጴዛ ሥር ወድቋል። አጭሩን ስነቅለው በየቢሮው «መጣ! መጣ!» ተባለ።

ወደ አቶ ደረጀ በረርኩ። ደስ አላቸው። «አየሽ? አንቺ ከሄድሽ ይህን ማን ያገኝልናል?» አሉኝ። ሲበላሽም ሲሠራም መሄድ የለም ማለት ነው።

ዓርብ

ጠዋቱን ሙሉ እቴነሽን አስተማርኳት። በየገመዱ ጫፍ የቢሮውን ስም ለጠፍን። ከሰዓት አቶ ደረጀን ጠርቼ፣ እያዩኝ፣ ሁሉንም ነቃቀልኩት።

«ምን ነካሽ አንቺ!»

«እቴነሽ ትሰካዋለች» አልኩ።

ስሙን እያነበበች ሰካች፤ የእሳቸውን አስቀድማ። ሠራ! አቶ ደረጀ «አንቺም ነገ ዝውውር ልትይኝ ነው» አሏት።

«ኧረ የት ልሄድ ጌታዬ፤ ልጆቼ እዚሁ አይደሉ?»

ወደኔ ዞሩ። «ያንቺስ?»

«ደሴ ናት። እማ የምትለው እናቴን ነው።» እስከ ዛሬ ነግሬያቸው አላውቅም ነበር።

«ሰኞ ጠዋት ቢሮዬ ነይ» ብለውኝ ሄዱ። ለፊርማ ይሁን ለሌላ ሥራ አላሉኝም። ወዲያው ለልጄ ደወልኩና ልመጣ ነው አልኳት።

«ለስንት ቀን?» አለችኝ።

«ለሁልጊዜ» አልኳት፤ ገና ሳይፈረምልኝ።