ባለይዞታ ያልተጻፈለት ፍል ውሃ፦ የአቶ ይግዛው ገብረ አምላክ የሕይወት ታሪክ

አቶ ይግዛው ከአባታቸው ከአቶ ገብረ አምላክ ደግሰውና ከእናታቸው ከወይዘሮ ይታየሽ ገበያው በሰቆጣ ዙሪያ ወረዳ ታች አምባ በተባለች ጎጥ ኅዳር 21 ቀን 1946 ዓ.ም ተወለዱ። ኽምጣናን ከእናታቸው፣ አማርኛን ከቄስ ትምህርት ቤት ቀስመው ዳዊት ከደገሙ በኋላ በሰቆጣ እስከ ስድስተኛ ክፍል ተማሩ። ከዚያ በላይ እንዳይገፉ አባታቸው ስለሞቱባቸው ወደ እርሻው ተመለሱ። የእጅ ጽሑፋቸው ያማረ ነበርና ማመልከቻ የሚያስጽፍ ሁሉ እሳቸው ደጅ ነበር የሚቆመው። አንዲት ቃል ከተሳሳቱ ወረቀቱን ቀደው እንደ አዲስ ይጀምራሉ፤ ባለጉዳዩ ቢቸኩልም ደንታ አልነበራቸውም።

በ1970 ዓ.ም ከወይዘሮ ጥሩሐረግ ካሤ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው አራት ልጆች ወለዱ። የመጀመሪያ ልጃቸውን በ1977ቱ ድርቅ ቀበሩ። ስለዚያ ልጅ ሲጠየቁ ተነሥተው ይወጡ ነበር።

በ1997 ዓ.ም የገጠር መሬት ተመዝግቦ ለገበሬው ደብተር ሲሰጥ የቀበሌው የመሬት አስተዳደር ኮሚቴ ጸሐፊ ሆነው ተመረጡ። ማሳ በገመድ እያስለኩ፣ ወሰንተኛ እያስጠሩ ሲመዘግቡ ከርመው በመጨረሻ ከፍል ውሃው ደረሱ።

በላይ አምባና በታች አምባ መካከል ያለውን ያን ፍል ውሃ የማያውቅ ለቀብሩ ከቆምነው መካከል የለም። ወገቡን የታመመ፣ ቁርጥማት ያሠቃየው፣ አራስ እንኳ ሳትቀር የሚታጠብበት ነው። ሁለቱ ጎጦች «የእኛ ነው፣ የእኛ ነው» ሲባባሉ የሰው ሕይወት ጠፍቶበት በስንት ሽምግልና ነው የታረቁት። አቶ ይግዛው ሊመዘግቡት በሄዱበት ቀን የሁለቱም ጎጥ ሽማግሌዎች ምንጩ አጠገብ ቆመው በአንድ ቃል «ይግዛው፣ በአንዳችን ስም ከጻፍከው ደም ይመለሳል፤ የእመቤታችን ውሃ ነው፣ ተወው» አሏቸው። የወል ተብሎ ይጻፍ ቢባልም «ሰብሳቢው ከየትኛው ጎጥ ሊሆን ነው?» የሚል ጭቅጭቅ ተነሣ። አቶ ይግዛውም ለሰላም ብለው «ባለይዞታ የለም» ብለው ጻፉ። ሽማግሌዎቹ «እጅህ ይባረክ» ብለው መርቀዋቸው ተለያዩ።

በ2011 ዓ.ም ባለሙያዎች መጥተው የውሃውን ሙቀት ለኩ። ጦርነቱ ሲመጣ ሰዉም ተሰደደ፣ እነሱም ሄዱ። በ2016 ዓ.ም ግን የመሬቱ እንፋሎት መብራት ያመነጭ እንደሆነ ጉድጓድ ቆፍሮ ለመመርመር ፈቃድ የያዘ ድርጅት መጣ። አቶ ይግዛው ሕጉን ከከተማ አስመጥተው ከዳር እስከ ዳር አነበቡት። ከመሬት በታች ያለው ሙቀት የመንግሥትና የሕዝብ ሀብት ነው መባሉን አልተቃወሙም። «ለመብራት ከሆነ ይቆፈር፤ ጨለማ ማን ይወዳል?» ይሉ ነበር። የጠየቁት አንድ ነገር ነው፦ በላዩ የሚጠቀመው ሰው አስቀድሞ ይጠየቅ፣ መታጠቢያውም ይተውለት።

ስለ ቁፋሮው በተጠራው ስብሰባ ላይ የወረዳው ኃላፊ መዝገቡን ገልጠው «ባለይዞታ የለም ይላል፤ ማንን እንጠይቅ?» አሉ። ጽሑፉ የማን ነው ሲባል አቶ ይግዛው ተነሥተው «የእኔ ነው» አሉ። በሰኔ ምንጩ በሽቦ ታጠረ።

ከዚያ ወዲያ «ይግዛው ሸጠን» ተባለ። «እጅህ ይባረክ» ያለ አፍ ነው ይህን ያለው። በእመቤታችን ማኅበር ጽዋ ሲዞር ከጎናቸው የሚቀመጥ ጠፋ። ይህ በቀብር ቀን መነሣቱ ደስ የማይለው ይኖራል፤ እሳቸውንም በሕይወት እያሉ ደስ አላላቸውም ነበር።

ወረዳውን፣ ብሔረሰብ አስተዳደሩን፣ ባሕር ዳርን ሳይቀር ደጅ ጠኑ። ቤተሰቡ «ይተዉት፣ ጤናዎን ይጨርስብዎታል» ሲላቸው «በእጄ የገባ ስሕተት በእጄ ይውጣ» ብለው በትራቸውን አንሥተው ይሄዱ ነበር። በመጨረሻ መዝገቡ ይታረም ያሉት ጉዳይ ፍርድ ቤት ደረሰ። በጽሑፍ ባቀረቡት ቃል «ያጠፋሁት እኔ ብቻ ነኝ፤ ማንም አላዘዘኝም» አሉ። ወይዘሮ ጥሩሐረግ ሲነበብላቸው «ስለ ሰው ብለው በራስዎ ላይ ይመሰክራሉ?» ብለው አለቀሱ። ቃሉ እውነት እንዳልሆነ ቤተሰቡ ያውቃል። ያን ቀን ምንጩ አጠገብ የነበራችሁም ታውቃላችሁ።

ፍርድ ቤቱ አንድ ሰው ብቻውን ተሳሳትኩ ስላለ መዝገብ አይታረምም፤ ያን ቀን የነበሩ የሁለቱ ጎጥ ሰዎች ቀርበው የተስማሙበትን ይናገሩ አለ። የኮሚቴው አባላት ከእሳቸው በቀር ሁሉም ሞተዋል። ከሽማግሌዎቹ ግን ስድስቱ በሕይወት አሉ። ኅዳር 2018 ዓ.ም በነበረው ቀጠሮ አንድም አልመጣም። አቶ ይግዛው በዚያ ሁሉ አግዳሚ ላይ ብቻቸውን ተቀምጠው ውለው ጉዳዩ ለየካቲት ተቀጠረ።

በታኅሣሥ የኩላሊት ሕመማቸው ጸናባቸው። ወገባቸውን ሲቆርጣቸው ያየው የአጥሩ ጥበቃ ቅጣው አዝኖ «አያ ይግዛው፣ እኔ በሩን እከፍትልዎታለሁ፤ ገብተው ይታጠቡ» ብሎ ላከባቸው። «ያ ሁሉ ሰው ደጅ ቆሞ እኔ ልታጠብ?» ብለው መለሱት። ሆስፒታል ተኝተው ሲረዱ ቆይተው ማክሰኞ ጥር 26 ቀን 2018 ዓ.ም በተወለዱ በ72 ዓመታቸው ዐረፉ።

ባለቤታቸውን ወይዘሮ ጥሩሐረግን፣ በእርሻ የሚተዳደረውን የሻምበልን፣ በኒሯቅ የምታስተምረውን ሶስናን፣ ሳዑዲ ያለችውንና ይህን ቀብር በስልክ የምትሰማውን ብርሃንን፣ እንዲሁም አምስት የልጅ ልጆችን ትተው ሄደዋል።

አንደበታቸው ሳይዘጋ ለቤተሰቡ የተናገሩት ይህ ነው፦ «ለተዝካሬ አትድከሙ። ሊዘክረኝ የሚፈልግ ሰው ችሎት ይቁምልኝ። እኔን ነፃ አውጡኝ አላልኩም፤ ያየነው ይህ ነው በሉ።»

እግዚአብሔር የአባታችንን ስም ከማይፋቀው መዝገብ ይጻፍልን፤ የደከመች ነፍሳቸውን ያሳርፍልን። ለዚህ አሜን የምንል ሁሉ፣ ረቡዕ የካቲት 18 ከጠዋቱ በሦስት ሰዓት ቀጠሮ አለን።