የልጁን ዓይን ስለማረም

ለተከበራችሁ የሕፃናት ሥዕላዊ መጻሕፍት ሽልማት ዳኞች፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤንነታችሁ የተሟላ፣ የምትሰበሰቡበት አዳራሽም ነፋሻማ እንዲሆን ከአዋሽ ሙቀት ውስጥ ሆኜ ከልብ እመኛለሁ። እኔ «የሰመራ ፍየሎች» ለተባለው አዲስ መጽሐፍ ሥዕሎቹን የሠራችው የኑሀሚን ሣህሌ ታናሽ ወንድም ነኝ። በላካችሁላት ደብዳቤ ሥዕሎቿ ለሽልማት መመረጣቸውን፣ ነገር ግን ለሽልማቱ እትም ከመታተማቸው በፊት ሌላ ሠዓሊ በዋናዎቹ ሥዕሎች ላይ «መጠነኛ እርማት» እንደሚያደርግ ገልጻችኋል። ደብዳቤውን የከፈትኩት እኔ ነኝ። እህቴ ከመስቀል በኋላ ከሰመራ ወደ ሚሌ ስትሄድ በመኪና አደጋ ስላረፈች ምስጋናዋን በእሷ ፈንታ አቀርባለሁ።

1ኛ. ፍየሎቹ በመብራት ምሰሶ ጥላ ውስጥ አንዷ ከሌላዋ ኋላ ተሰልፈው መቆማቸው «ከእውነታ የራቀ» መሆኑን ስላስረዳችሁን አመሰግናለሁ። ሰመራ ረፋዱ ላይ ከምሰሶው ሌላ ጥላ ስለማይገኝ ያን ጊዜ የተሻለ ምርጫ አልነበራቸውም፤ አስተያየታችሁን ቀድመው ቢሰሙ ኖሮ ተበታትነው ፀሐይ ላይ በመቆም ይተባበሯችሁ እንደነበር አልጠራጠርም።

2ኛ. ሕፃናት ደስ እንዲላቸው መሬቱ ላይ ለምለም ሣር እንዲጨመር ወስናችኋል። ይህን በአክብሮት ተቀብያለሁ። ፍየሎቹ ሣሩ መቼ እንደሚደርስ እንዲነገራቸው ብቻ ይለምናሉ።

3ኛ. «ልጁ በየገጹ ፍየሎቹን ትቶ ከሥዕሉ ውጭ ወዳለ ባዶ ቦታ ያያል፤ ዓይኑ ወደ ፍየሎቹ ይዙር» ብላችኋል። እዚህ ላይ ትንሽ እንድዘገይ ይፈቀድልኝ።

ያ ልጅ እኔ ነኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከቤታችን ጀርባ ታቆመኝና እሷ የለስላሳ ሳጥን ገልብጣ ፊት ለፊቴ ትቀመጥ ነበር። የፍየሎቹ ባለቤት ጎረቤታችን ወይዘሮ ዛህራ፣ «ለመሣል ፍየሎቼ ከአንተ የተሻለ ይቆማሉ» እያሉ ይስቁብኛል። እኔም ሲሰለቸኝ ፊቴን ወደ ፍየሎቹ አዞራለሁ። ያን ጊዜ ኑሀሚን እርሳሷን ሳታነሣ «ወደነሱ አትዙር፤ ጆሮህ ከፍየሏ በልጦ ይታይብሃል። እኔን እይ» ትለኛለች። አያታለሁ። የተከበራችሁ ዳኞች፣ ባዶ ያላችሁት ቦታ እሷ የተቀመጠችበት ነው። እንደዚያ ተቀምጣ ስትሥል የተነሣችው ፎቶግራፍ የለኝም፤ ሠዓሊዋን የሣላት ሰው የለምና።

እናታችን ከሞተች ወዲህ ያሳደገችኝ እሷ ነበረች። አሁን የምኖረው አዋሽ፣ አጎቴ ጌጡ ዘንድ ነው። አጎቴ የከባድ መኪና ሹፌር ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜ የጅቡቲ መንገድ ላይ ነው፤ ከትምህርት ቤት ስመለስ በሩን የምከፍተውም የምዘጋውም እኔ ነኝ፤ ቀኑ እንዴት እንደዋለ የሚጠይቀኝ ስለሌለ አንዳንድ ጊዜ ጮክ ብዬ የቤት ሥራዬን አነባለሁ። ስለ ሽልማቱ ስነግረው በስልክ «ተቀበል እንጂ! ዓይን ማለት ሁለት ነጥብ ነው» አለኝ። ለእኔ አስቦ መሆኑን አውቃለሁ። ነገር ግን እነዚያ ሁለት ነጥቦች ከዞሩ በኋላ እሷን የሚያያት አይኖርም።

ስለዚህ ሽልማቱን በሙሉ አክብሮት እመልሳለሁ። ሣሩን በወደዳችሁት ሌላ መጽሐፍ ላይ አብቅሉት። የእህቴን ሥዕሎች ግን ብሩሽ ሳይነካቸው ወደ አዋሽ እንድትልኩልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

ደረቅ መሬትን በብሩሽ ለማልማት የምታደርጉትን ያላሰለሰ ጥረት እያደነቅሁ፣ ለአርቆ ተመልካችነታችሁ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሣው፣

ሀብተ ሥላሴ ሣህሌ
የዐሥረኛ ክፍል ተማሪ፣ አዋሽ

ማስታወሻ፦ ሠዓሊዋ በሽልማቱ ዕለት በአካል ካልተገኘች ዕድሉ ለተከታዩ እንደሚተላለፍ አስጠንቅቃችኋል። አትገኝም፤ ተከታዩን ጥሩት። እሱ በሕይወት ካለ ግን፣ ሥዕሉን ከማረማችሁ በፊት እዚያ ላይ ያለው ልጅ ማንን እንደሚያይ ጠይቁት።