ልጃችን የሻረችው ጎል

ጀማልዬ፣ የቤቴ ጌታ፣

ከተለየኸኝ እነሆ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆነ። መጀመሪያ ሰሞን ልጽፍልህ በተቀመጥኩ ቁጥር እንባዬ ወረቀቱን ያበላሸው ነበር። ዛሬ ግን እየሳቅኩ ነው የምጽፍልህ። ወላሂ እየሳቅኩ! የምነግርህ ነገር ደረቴ ውስጥ አልቀመጥ ብሎኝ፣ ታይዋን ገበያ ያለውን ሱቄን እንኳ ሳልከፍት ረፈደ። ደንበኛ ይጠብቅ አቦ።

አስቀድሜ የቤቱን ላውራህ፣ አለዚያ ትቆጣለህ። የግቢያችን የኒም ዛፍ አድጎ ጥላው የጎረቤት አጥር ተሻግሯል። የጣሪያው ቬንትሌተር አሁንም ይንጫጫል፤ ሠሪ አምጥቼ ነበር፣ “ይሄ ድምፁ ነው እንጂ በሽታው አይደለም” ብሎኝ ሄደ። በሩን ሰማያዊ ቀባነው። አንተ አረንጓዴ ነበር የምትፈልገው፣ ግን ስላልነበርክ በድምፅ ብልጫ ተሸነፍክ። ጋሽ ሰለሞን፣ ያ ሙግት የማይሰለቸው ጡረተኛ መምህር ጎረቤታችን፣ እንደ ድሮው አሥር ሰዓት ሲል ከኒሙ ሥር ይሰየማል። የሚሟገተው ሰው ሲያጣ እኔን ያዘኝ። አንተ ስትኖር ሻይ ከማቀበል ሌላ ድርሻ አልነበረኝም፤ አሁን ዋና ተከራካሪ ሆኛለሁ!

ትዝ ይልሃል? አንተ ዓርብም እሑድም የሰፈር ግጥሚያ በዳኝነት አጫውተህ፣ ላብህ ሳይደርቅ፣ እሱ ይጀምርሃል። “ጀማል፣ ኦብጀክቲቭ፣ ከአድልዎ የጸዳ ዳኛ የሚባል የለም። ሰው ሁሉ ከቆመበት ነው የሚያየው። ከየትም ሳይቆም የሚያይ ፈጣሪ ብቻ ነው” ይልሃል። አንተ ደግሞ ጫማህን እያራገፍክ፣ “ልክ ነህ፣ ለዚህ እኮ ነው ዳኛ የሚሮጠው። ከቆመበት ብቻ የሚያየውማ ተመልካች ነው” ትለው ነበር። እኔ ያኔ ወንዶች ሥራ ሲፈቱ የሚያወሩት ወሬ ይመስለኝ ነበር። አሁን ነው የገባኝ።

ሂክማ ዳኛ ሆናለች፣ ጀማል! ያንተው ልጅ። ሥልጠናውን ወስዳ አንድ ዓመት ሙሉ የሕፃናት ጨዋታ ስታጫውት ቆይታ፣ ባለፈው እሑድ ለመጀመሪያ ጊዜ የትልልቆቹን ሰጧት። ያውም የትኛውን? የእኛን ሰፈርና ከወንዙ ማዶ ያሉትን! አሸናፊው ለበዓሉ ዋንጫ ፍጻሜ የሚያልፍበትን። የእኛ አጥቂ ደግሞ የእህቴ ልጅ ቢላል።

የማዶዎቹ “የጀማል ልጅ ለሰፈሯ ታዳላለች” ብለው አስቀድመው አወሩ። ይሄስ ደግ ነው። የእኛዎቹ ናቸው የባሱት። “ዳኛዋ የራሳችን ናት፣ አለቀ!” እያሉ በሳቅ ተቃቀፉ። ልጄ ሁለቱንም ሰምታ የቅዳሜን ምሳ ሳትነካው ተነሳች። እኔም ጨንቆኛል። በዚያ ቀን ከተበላሸባት ሁለተኛ ፊሽካ የሚያስነካት እንደሌለ አውቃለሁ። ሴት ስትሆኚ አንዴ ከተሳሳትሽ በሁሉም ሴት ላይ ነው የሚቆጠረው።

ሜዳውን ታውቀዋለህ፣ የደረቀው ወንዝ አሸዋ ነው። መሥመሩ በኖራ ይሰመርና ከዕረፍት በፊት በእግር ይጠፋል። ጎሉ ሁለት ብረትና አንድ እንጨት፣ መረብ የለው። አንድ ለአንድ ሆነው ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ቢላል ከግራ ጠርዝ መሬት ለመሬት መታት። ኳሷ አሸዋውን እየላሰች ሄዳ ከበረኛው ጀርባ ቆመች። ጎል! ሁላችን ዘለልን። ሻሼ ከራሴ ወልቆ የሰው ትከሻ ላይ አረፈ። ሂክማም ፊሽካዋን ነፍታ ወደ መሐል አመለከተች።

የማዶዎቹ ከበቧት። “ከብረቱ ውጪ ነው የሄደችው! የአክስትሽ ልጅ ስለሆነ ነው!” እኔ ደግሞ ዝም እላለሁ? “ተዋት ልጄን! በዓይኔ አይቻለሁ፣ ወላሂ በመሐል ነው የገባችው!” ብዬ ጮህኩ። ማልኩኝ ጀማል። ያየሁ መስሎኝ ነው የማልኩት፣ ውሸቴን አልነበረም።

ያኔ ሂክማ ፊሽካዋን ረጅም አድርጋ ነፋች። “ማንም ከቆመበት እግሩን እንዳያነሳ!” አለች። ያ ሁሉ ጎረምሳ እንደ ቆመ ቀረ። ወደ ጎሉ ሄዳ ከብረቱ አጠገብ ቁጢጥ አለች። ቆየች። ከዚያ ሁለቱን አምበሎችና ቢላልን በጣቷ ጠራቻቸው። አጎንብሰው አዩ። ቢላል ሁለት እጁን አናቱ ላይ ጫነ። ራሱ የመታት ልጅ፣ “በውጪ ነው” አለ።

ልጃችን ጎሉን ሻረችው።

የእኛ ወገን የጮኸውን አልጽፈውም፣ አንተም ባትሰማው ይሻላል። እኔ ግን አላመንኩም። ጫማዬን በእጄ ይዤ ሜዳው ውስጥ ገባሁ። ሂክማ “እማ፣ ውጪ!” አለችኝ፣ እንደማታውቀኝ። “አይቼ ነው የምወጣው” አልኳት። የኳሷ መንገድ አሸዋው ላይ ተሥሏል፣ እባብ እንደሄደበት። ከግራ መጥቶ፣ ከብረቱ በአራት ጣት ውጪ አልፎ፣ ከጎሉ ኋላ ወደ መሐል ዞሯል። እኛ ከነበርንበት በኩል መሐል ገብታ የታየችን ለዚያ ነው። ልቤ አሁንም ጎል ነው ይላል። የበረኛው እግር የጎተተው ቢሆንስ ብዬ አየሁ። የቀድሞ ኳስ ፈለግ ቢሆንስ ብዬ ጫፉ ድረስ ተከተልኩት። ፈለጉ እምቢ አለኝ። እንዲሆን የምፈልገውን ሁሉ ብሰጠው አልቀበልም አለኝ።

ወደ ወገኖቼ ዞሬ “ውጪ ነው! ሐቁ ውጪ ነው!” አልኩ። “ዘይነብ፣ አንቺም?” አሉኝ። “እኔም!” አልኳቸው። መሐላዬንስ? አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ሦስት ቀን እጾምበታለሁ ብያለሁ።

በፔናሊቲ ተሸነፍን። ጀማልዬ፣ በሽንፈት እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም! ቀድሞ “የአክስትሽ ልጅ ስለሆነ ነው” ብሎ የጮኸባት የማዶዎቹ አምበል መጥቶ “እህቴ፣ አፌን ይዣለሁ” አላት። የኛዎቹ ሁለት ቀን አኮረፉ። ማክሰኞ ግን የሁለቱም ሰፈር ትልልቅ ሰዎች ቤታችን መጡ። የበዓሉን ፍጻሜ ከሂክማ ሌላ ማንም አያጫውትልንም አሉ። የእኛ ሰፈር በሌለበት ፍጻሜ ላይ የኛ ልጅ! እልል ብዬ ኒሙ ላይ ያሉትን ወፎች በሙሉ አባረርኩ።

ጋሽ ሰለሞን ግን ዝም ይላል? “ያንንም ፈለግ ያነበበው የሰው ዓይን ነው፣ ዘይነብ። ተመልሰሽ እዚያው ነሽ” አለኝ። እኔም ሻዬን አስቀምጬ ተነሳሁበት። አዎ፣ ዓይን ነው። ግን የሂክማ ዓይን አየው፣ የአምበሎቹ አየው፣ የቢላል አየው፣ የኔ አየው። ግማሻችን ፈለጉ እዚያ ባይኖር በወደድን ነበር፤ እሱ ግን የማን ሰፈር ልጅ እንደሆንን አያውቅም። እውነቱ ከኛ ውጪ ባይኖር ኖሮ ደግሞ ሁለት ሰፈር በምን ይጣላል? “ለኔ ጎል ነው፣ ላንተ አይደለም” ብለን በሰላም ወደየቤታችን አንሄድም ነበር? ሜዳው ሲሚንቶ ቢሆን ፈለጉን አናገኘውም ነበር፣ ልክ ነው። ኳሷ ግን ያኔም ያለፈችው በአንደኛው በኩል ነው። አለማወቃችን እሷን በሁለቱም በኩል አያሳልፋትም። ሰው ከየትም ሳይቆም ማየት አይችልም፣ እሺ፣ ተቀብያለሁ። ከቆመበት ተነስቶ መሄድ ግን ይችላል። ከዚያ ደግሞ የሚያሸንፈውን ነገር ካገኘ መሸነፍ አለበት። አድልዎ የሌለበት ማየት ማለት ለኔ ይኼ ነው አልኩት።

ጋሽ ሰለሞን መነጽሩን አውልቆ ጠረገና “ይህን የት ተማርሽ?” አለኝ። “አሥራ ሁለተኛ ጨርሼ ገበያ ገባሁ፣ ቀሪውን ልጄ አስተማረችኝ” አልኩት። ጀማል፣ ረታሁት! አንተ በሃያ ዓመት አልረታኸውም!

አሁን ወደ እኔና ወደ አንተ ልምጣ። ከሞትክ ወዲህ ስላንተ ለጠየቀኝ ሁሉ መልአክ አድርጌ ነበር የማወራህ። ሂክማም ይህን እየሰማች አባቷ ስቶ የማያውቅ ይመስላት ነበር። ትናንት ነገርኳት። አንድ ጊዜ የተሳሳተ ጎል ሰጥተህ፣ እዚያው ሜዳ ላይ አውቀኸው፣ ሰው ምን ይለኛል ብለህ ሳትሽረው ቀርተህ፣ ቤት ገብተህ እህል እምቢ ማለትህን። ለእኔ ብቻ ነበር የነገርከኝ፣ አወጣሁብህ፣ ይቅር በለኝ። እሷም “እንዲያማ ከሆነ በለጥኩት” አለች። ሳቅን፣ አለቀስን፣ ደግሞ ሳቅን። ልጅህ በለጠችህ፣ የኔ ጌታ! ከዚህ የሚበልጥ ምን እንመኝ?

ስለዚህ ቃሌን ስማ። አስታውስሃለሁ፣ ግን እንዳማረኝ ሳይሆን እንደነበርክ። ቁጣህን አልቀንስም፣ ማንኮራፋትህን አልደብቅም፣ ያቺን የፈራህባትን ቀንም አልተዋትም። መውደዴ ከአንድ በኩል ብቻ እንዳያሳየኝ ዙሪያህን እየዞርኩ ነው የማይህ። እስካሁን ዞሬ እንዳየሁት ደግሞ ጥሩ ሰው ነበርክ። ይህን የምለው ሚስትህ ስለሆንኩ እንዳይመስልህ፤ አይቼ ነው።

ዘይነብህ